የሦስተኛው ግንብ መተንፈሻ

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሦስተኛው ግንብ በወደቀ በአርባ አራተኛው ቀን

ልጄ፣

ጤናሽን አስቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። እናትሽ ግን በየእሁዱ በስልክ ስለምትጠይቅሽ ደህና መሆንሽን አውቃለሁ። ማለቴ፣ ደህና ነኝ እንደምትዪ አውቃለሁ። ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ የገባኝ በቅርቡ ነው።

ደብዳቤ ስጽፍልሽ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያውን የጻፍኩት ለትምህርት ርቀሽ የሄድሽ ጊዜ ነው፤ አራት መስመር ነበር፣ ሦስቱ ምክር። ይህኛው ይረዝማል። ፊደል የለየሁት የሲሚንቶ ከረጢት ላይ የተጻፈውን እያየሁ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ የተሳሳተ ቢኖር አልፈሽ ነገሩን ተከተዪ።

እናትሽ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ አንደበቷን ግን ምንም አልነካውም። የሰፈሩ ጉድጓድ በዚህ በጋ አልነጠፈም። ከዳገቱ አናት ላይ ያስቆፈርሻቸው ውሃ ማስረጊያዎች ሥራቸውን ሠርተዋል ይላሉ፤ እኔም ወርጄ በገመድ ለክቼዋለሁ፣ ካለፈው ዓመት በሁለት ክንድ ከፍ ብሏል። ያስተከልሽው ሣርም ይዟል። አንዱን ልነቅል ስታገል ሥሩ አልለቅ ብሎኝ በቂጤ ተቀመጥኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ከትናንት በስቲያ ያለ ምርኩዝ ከበሩ እስከ መንገዱ ሄደ። ሐኪሙ እግሩ እስኪድን ሦስት ወር ይፈጃል ባለው ጊዜ፣ «ጨርቅ ቢሆን እኮ በአንድ ቀን ሰፍቼ እሰጥህ ነበር» ብሎ አስቆታል። ስለ እሱ መጻፍ ይከብደኛል። ደብዳቤውም ስለዚሁ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምር። የምታውቂውን ብደግምብሽ ታገሺኝ፤ ግንብ ከመሃል አይጀመርም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ለእረፍት መጥተሽ ዳገቱን አየሽ። ዛፉ አልቆ፣ አፈሩ ታጥቦ፣ ድንጋዩ እንደ ጥርስ ገጦ ነበር። ድሮ ዝናቡ ሦስት ወር እየተንጠባጠበ የሚጥለውን አሁን በሁለት በሦስት ቀን አውርዶት እንደሚሄድ እኛም እናየው ነበር። አይተን ግን ሰማዩን ከማማረር ሌላ ያደረግነው የለም። አንቺ ሰዉን ዳቦ ቤቱ ጓሮ ሰበሰብሽ። ዳገቱን በአራት ግንብ እናስይዘው፣ ሣር እንትከል፣ ጉድጓድ እንቆፍር፣ ሌላ ሰው መጥቶ እስኪሠራልን አንጠብቅ አልሽ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ፣ «ወረቀት ላይ ዳገት መያዝ ቀላል ነው» አልኩ። ሰው ሳቀ። አንቺም ሳቅሽና፣ «ለዚህ እኮ ነው አባባ እርስዎ የሚያስፈልጉን» አልሽ።

ያን ቀን ተሸነፍኩ። ለሰው ግን፣ ሌላ ግንበኛ አጣሞ ሲሠራው ቆሜ ማየት ስለማልችል ነው የምገባበት አልኩ።

ፕላኑን ዘርግተሽ ልታሳዪኝ ስትይ፣ «ንገሪኝና እሠራለሁ፤ በወረቀት ሠርቼ አላውቅም» አልኩሽ። እውነት ነው። አርባ ዓመት በዓይኔ፣ በገመድና በቱምቢ ነው የሠራሁት። ሰፈሩ «ውሃ ልክ» ብሎ ያወጣልኝን ስም እንደ ሽልማት ነው የያዝኩት፤ እኔ በሠራሁት ግንብ ላይ ውሃ ልኩን ብታስቀምጪ አረፋው ከመሃል ንቅንቅ አይልም። አንድ ነገር ብቻ ረሳሁ። አርባ ዓመት የሠራሁት ቤት ነው። ዳገት ሠርቼ አላውቅም።

በየአንድ ሜትሩ ቁራጭ ቱቦ እንዳስገባ፣ ከኋላው ጠጠር እንድሞላ ነገርሽኝ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አልኩሽ።

«መተንፈሻ ነው።»

«ግንብ ይተነፍሳል እንዴ?»

«ካልተነፈሰ ይፈነዳል፣ አባባ። ከጀርባው ያለው አፈር ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። ውሃው መውጫ ካጣ ግንቡን ይገፋዋል። እባክዎ፣ እነዚህን እንዳይደፍኗቸው።»

«እንዳልሽ» አልኩ። እኔ «እንዳልሽ» የምለው ያልተስማማሁ ጊዜ ብቻ መሆኑን ከእናትሽ ሌላ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሠርተን ለመጨረስ ሁለት ዓመት ፈጀብን፤ ከዚያ የመጀመሪያው ክረምት መጣ። አራቱም ግንቦች ቆሙ። ከየቀዳዳው ውሃ እየወጣ በግንቡ ፊት ላይ የጭቃ መስመር እየጣለ ወረደ። ሦስተኛው ግንብ መንገድ ዳር፣ ከዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ስለሆነ ሰው ሁሉ ያየዋል። አንድ ጠዋት ቀለም ቀቢው ዳቦውን ታቅፎ ቆመና አንጋጦ አየው።

«ጋሽ ውሃ ልክ፣ ግንብዎ ይሸናል እኮ» አለኝ።

የተሰለፈው ሰው ሁሉ ሳቀ። በማግስቱ ሌላው፣ «ኧረ ሽንት ቤቱን ያሳዩት» አለ። በሦስተኛው ቀን «እንዴት አደሩ» የሚለኝ ሁሉ ቀድሞ ግንቡን ነበር የሚያየው። እኔም አብሬ መሳቅ ነበረብኝ። መሳቅ ሥራ አያስፈታም። እኔ ግን ቤት ገብቼ ምሳዬን ሳልበላ ተቀመጥኩ።

ክረምቱ በወጣ በሳምንቱ፣ ሰው ሁሉ ሥራ በሄደበት ሰዓት፣ ሲሚንቶና አሸዋ አቡክቼ ወጣሁ። የሦስተኛውን ግንብ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ደፈንኳቸው። ሃያ ስድስት ናቸው። ቱቦውን በመዶሻ ወደ ውስጥ አስገባለሁ፣ አፉን እሞላለሁ፣ እንዳይታወቅ በእርጥብ ጨርቅ አለሰልሰዋለሁ። ጥሩ ሥራ ነበር። ከዚህ በፊት እንዲያ ንጹህ አድርጌ የሠራሁት ነገር ትዝ አይለኝም። እናትሽ ሻይ ይዛልኝ መጣችና አየች።

«ልጅቷ አትድፈን አላለችህም?»

«ግንቡ የልጅቷ ነው ወይስ የኔ?»

ሻዩን ድንጋይ ላይ አስቀምጣ ሄደች። የቀሩትን ሦስቱን ግንቦች ያልደፈንኩት አስቤበት አይደለም፤ ወገቤን ስለያዘኝ ነው። ወገቤ ከኔ የተሻለ ያስብ ነበር።

ይኸው ጻፍኩት። አንዴ ብዕሩን አስቀምጬ ጓሮ ደርሼ መጣሁ።

ግንቡ የወደቀ ቀን ሐሙስ ነበር። የበልጉ ዝናብ ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት ጀመረና አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የመንገዱ ቦይ ሞልቶ ፈሰሰ። ግንቦቹን ለማየት ወጣሁ። ከአንደኛውና ከሁለተኛው ቀዳዳዎች ውሃው እንደ ቧንቧ ይወረወራል። ሦስተኛው ደረቅ ነው፤ አንዲት ጠብታ የለችበትም። ጠጋ ብዬ በዓይኔ ሳየው መሃሉ ላይ ሆድ አውጥቷል።

ልጄ፣ እዚህ ላይ ለማንም ያልነገርኩትን እነግርሻለሁ። ዛሬ ጠዋት ለሰፈሩ ስናገር እንኳ ይህን አላልኩም። መዶሻና መሮ በእጄ ነበር። የደፈንኩትን ቦታ ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ። ከታች ያሉትን አምስት ስድስት ቀዳዳዎች ሰብሬ ልከፍት እችል ነበር። መንገዱ ላይ ግን ሰው ቆሞ ያያል። ለምን ትሰብራለህ ቢሉኝ ምን እላለሁ ብዬ አሰብኩ። ይህን ሳስብ ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። ብከፍተውም ላይደርስ ይችል ነበር። አልሞከርኩም እንጂ።

ግንቡ ሲሄድ ድምፁ የጭነት መኪና ድንጋይ ሲገለብጥ የሚያሰማው ዓይነት ነበር። ከሥሩ ያለው የልብስ ሰፊው ክፍል ግማሹ አፈር ገባበት። እሱ የስፌት መኪናውን ሊያወጣ ተመልሶ ገብቶ ኖሮ እግሩ ላይ ምሰሶ ወደቀበት። በእጃችን ዝቀን አወጣነው። ስናወጣው፣ «መኪናዬን፣ መኪናዬን» ይል ነበር።

በማግስቱ ደወልሽ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ማን እንደተጎዳ፣ እንዴት እንዳለ ጠየቅሽ። ከዚያ፣ «አባባ፣ ቀዳዳዎቹ ውሃ ያወጡ ነበር?» አልሽኝ።

«ያወጡ ነበር» አልኩ።

ይኸው ነው። ሁለት ቃል። ሌላ ሰው ቢነግርሽ መጥተሽ ፍርስራሹን ትፈትሺ ነበር። የነገርኩሽ ግን እኔ ነኝ፤ ልጅ ሆነሽ ውሸት ስትናገሪ ምሳ የከለከልኩሽ ሰውዬ። «እንግዲያው ስህተቱ የኔ ነው» አልሽና ዘጋሽው።

ለኮሚቴው የጻፍሽው ደብዳቤ በሦስተኛው ሳምንት ደረሰ። ሊቀመንበሯ፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ጓሮው ውስጥ ቆማ አነበበችው። «የሦስተኛው ግንብ ስሌት ስህተት የኔ ነው፣ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ፣ ፕላኔን ወስደው መሥራት የጀመሩት ሁለቱ የወንዝ ማዶ ሰፈሮችም እንዲያቆሙ ጽፌላቸዋለሁ» ብለሻል። እናትሽ ደግሞ በዚያው ሳምንት ከመስክ ሥራ ወጥተሽ መዝገብ ቤት ልትቀመጪ መጠየቅሽን ነገረችኝ። ነገረችኝና፣ «እኔ አልናገርልህም። አፍ አለህ» ብላኝ ወደ ማጀት ገባች። ከዚያ ወዲህ ከሥራ ጉዳይ በቀር አላናገረችኝም። ሥራ ጉዳይ ማለት ጨው አቀብለኝ ነው።

ስብሰባው ላይ፣ «ድሮም ግንብ ላይ ቀዳዳ!» አለ ቀለም ቀቢው። አንዱ፣ ልጅቷ ተምራለች ግን ድንጋይ አታውቅም አለ። ልብስ ሰፊው ምርኩዙን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከጎኔ ተቀምጧል። ወደኔ ዞሮ በጆሮዬ፣ «አትዘን። ልጅህ ነች፣ አልቀየምኳትም» አለኝ። ትንፍሽ አላልኩም። የቀሩት ሦስት ግንቦችም እንዳይወድቁ ቀዳዳቸው በሙሉ ይደፈን ተብሎ ተወሰነ። እጅ ወጣ። «ጋሽ ውሃ ልክ ያሳዩን፣ እኛ እንከተላለን» አሉ። ያን ጊዜም ትንፍሽ አላልኩም።

«ትንፍሽ» የሚለውን ቃል ሁለት ጊዜ ከጻፍኩት በኋላ ቆም ብዬ አየሁት። ለግንቡም የነፈግኩት ይህንኑ ነው።

የመደፈኑ ቀን ለዛሬ ተቀጠረ። እስከ ትናንት ድረስ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር ብልሽ እውነቱን ነው። ትናንት ሦስተኛውን ግንብ መልሼ ለመሥራት የመሠረቱ ስፋት ጠፍቶኝ፣ ከበሩ ጀርባ ጥቅልል ብሎ የቆመውን ፕላንሽን አወረድኩት። ከሦስት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መሬት ላይ ዘርግቼ አየሁት። ያየሁትን መጨረሻ ላይ እጽፈዋለሁ፤ አሁን ብጽፈው የቀረውን አልጨርስም።

ዛሬ ጠዋት ሰዉ ባልዲና አካፋ ይዞ አንደኛው ግንብ ሥር ተሰበሰበ። ሲሚንቶው ተቦክቷል። ዳቦ ጋጋሪዋ የግንበኛ ማንኪያውን ጠርጋ ሰጠችኝ።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያውን እርስዎ ይድፈኑልን። እጅዎ ይባረክ።»

«ሦስተኛውን የደፈንኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

«አይ ጋሼ፣ ሦስተኛው እኮ ወድቋል። ይሄ አንደኛው ነው» አለች ቀስ ብላ፣ ድምፅዋን ለታመመ ሰው እንደሚያደርጉት አለስልሳ። ጃጁ ብላ ሳታስብ አልቀረችም።

ከፍርስራሹ ለቅሜ በጆንያ ያመጣሁትን ድንጋይ አውጥቼ ከእግሯ ሥር አስቀመጥኩ። ቱቦው በውስጡ አለ፤ አፉ ላይ የኔ ሲሚንቶ አለ። «ሃያ ስድስት እንዲህ ያሉ ደፍኛለሁ» አልኩ። «ልጄ አትድፈን ብላኝ ነበር። እነዚህን ሦስቱን እዩ፤ ቀዳዳ አላቸው፣ ቆመዋል። የወደቀው የደፈንኩት ነው። ስሌቱ አልተሳሳተም።»

ሰዉ ባልዲውን አንድ በአንድ መሬት ላይ አስቀመጠ። ልብስ ሰፊው ከኋላ መጣ። ያለ ምርኩዝ ነው የመጣው፤ ግንቡን እየተደገፈ።

«ለምን?» አለኝ።

«ይሸናል ስላላችሁኝ።»

አንድ ሰው ሳቁ አምልጦት አፉን ያዘ። ቀለም ቀቢው መሬት መሬት ያያል። ልብስ ሰፊው አልሳቀም።

«አርባ ቀን ሙሉ እኮ ስለ ልጅህ አጽናናሁህ» አለኝ።

«አዎ።»

«ቤቴ እየመጣህ ሻይ ጠጣህ።»

«ጠጣሁ።»

«ስኳር ጨምርልኝም ብለሃል።»

«ብያለሁ።»

እግሩን አየ፣ ድንጋዩን አየ። «ዛሬ አላናግርህም» አለ። «ነገን ደግሞ እንጃ።» ዞሮ ወረደ። ልደግፈው ጠጋ ስል እጁን እንዲህ አደረገ፤ ዝንብ እንደሚያባርሩት። ቆምኩ። ቀለም ቀቢው ሮጦ ደገፈው።

ዳቦ ጋጋሪዋ ማንኪያውን ከእጄ ወሰደችው። ቁጡ ሴት መሆኗን ታውቂያለሽ፤ ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ቀዳዳዎቹ አይነኩም» አለች ለሰዉ። ከዚያ ወደኔ ዞራ፣ «ሦስተኛውን መልሰው ይሠሩታል። ድንጋዩን እርስዎ ይይዛሉ፤ ፕላኑን እኔ እይዛለሁ» አለች። እንደ ድሮዬ ቢሆን መዶሻዬን ጥዬ እሄድ ነበር። «እሺ» አልኩ። «እንዳልሽ» አላልኩም፤ «እሺ» ነው ያልኩት።

የተቦካውን ሲሚንቶ ለልብስ ሰፊው ግድግዳ ወሰድነው፤ እሱ በሩን ዘግቶ ከውስጥ ሆኖ ስንሠራ ሰማ። ለሁለቱ የወንዝ ማዶ ሰፈሮች ደግሞ ዳቦ ጋጋሪዋ እዚያው ባልዲ ላይ ተቀምጣ ደብዳቤ ጻፈች፣ ያጠፋሁትን በስሜ አስገብቼ ፈረምኩበት። ሰው ይዞት ሄዷል። እነሱ ከክረምቱ ዝናብ በፊት ስድስት ሳምንት አላቸው፤ ሰኞ ቢጀምሩ ይደርሳሉ።

የቀረሽ አንቺ ነሽ። መዝገብ ቤት እንዳትቀመጪ ብዬ እዚህ ላይ ትእዛዝ ጽፌ ነበር፤ ሰርዤዋለሁ፣ ስርዙን ታዪዋለሽ። ይህን ደብዳቤ ለመሥሪያ ቤትሽ ማሳየት ከፈለግሽ አሳዪ። መሮው በእጄ የነበረበትን ክፍልም ጭምር።

እናትሽ ከሰፈር ሰምታ መጣች። አሁን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች። «ምን ምን አልካት?» አለችኝ። «ሁሉንም» አልኳት። «ዋናውንስ?» አለች። ዋናውን እንዴት እንደሚጽፉት አላውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ ስሠራ ያንን ቃል አንድም ቀን ስላልተጠቀምኩበት አጻጻፉ ጠፍቶኛል።

አሁን ፕላኑ ላይ ያየሁትን ልንገርሽ። ከሦስተኛው ግንብ ሥዕል አጠገብ፣ በእርሳስ፣ ለራስሽ ማስታወሻ እንዲሆን በትንንሹ የጻፍሽው ነው። «ይሄኛው መንገድ ዳር ነው። አባባ ይደፍኑታል። ሦስት ጊዜ ይነገራቸው።»

ዳገቱን ብቻ ሳይሆን እኔንም ለክተሽኛል። ልክም ነበርሽ። ማስታወሻሽን አይቼ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። አንዴ ግንቡ ሥር ነግረሽኛል። ሁለተኛ፣ አውቶቡሱ ሲነሳ በመስኮት አንገትሽን አውጥተሽ፣ «ቀዳዳዎቹን አደራ» ብለሻል፤ እኔም እጄን አውለብልቤያለሁ። ሦስተኛው፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል የደወልሽ ቀን ነው። «አባባ፣ ስለ ቀዳዳዎቹ አንድ ነገር...» ስትዪ፣ «እናትሽ ትፈልግሻለች» ብዬ ስልኩን ሰጠኋት።

ነገ እሁድ ነው፤ ደብዳቤው ግን እስከ ነገ አይደርስሽም። በሚቀጥለው እሁድ ስትደውዪ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። የቀረችውን ሦስተኛዋን ንገሪኝ። ለእናትሽ አልሰጥም፤ እስክትጨርሺ እይዛለሁ።

የምትቆሚበት መሬት ይጽናልሽ። የሠራሽው ይቁምልሽ። ቃልሽን የሚሰማ ሰው ይስጥሽ፣ ከአባትሽ የተሻለ።

አባትሽ